ጠያቂ ሲመጣ የሚተኛው ሸማኔ

አንድ ሰው ነበር። ሸማኔ ነው፤ ቤቱ ጉለሌ ነው። ክረምት ሳይገባ ጣሪያዬን ላብጅ ብሎ ወጣ። ቆርቆሮው ከእግሩ ሥር ሸሸበትና ሰውየው ወደቀ። ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ።

ሆስፒታል ወሰዱት። አጥንቱን ገጠሙለት፤ በጀሶ አሰሩለት። ጊዜው ሲደርስ ጀሶው ተፈታ። አጥንቱ ገጥሟል። ጉልበቱ ግን አልታጠፍ አለ። ሐኪሙም፣ "ይህ የሚላላው በማሸትና በማንቀሳቀስ ነው፤ ትዕግሥት ይፈልጋል" ብሎ ወደ ቤቱ ሰደደው።

ሽመና ያየ ያውቃል። ሸማኔ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰዳል። እጁ መወርወሪያውን ሲያቀብል እግሩ ከታች መርገጫውን ይረግጣል። እጅ ብቻውን ጋቢ አያወጣም። የዚህ ሰው እግር ግን እንደ ጣውላ ቀጥ ብሎ ቀረ። ጣውላ ደግሞ ጉድጓድ አፋፍ ላይ አይቀመጥም።

ሌላ ሥራ አያውቅም። አባቱም ሸማኔ ነበር። የሽመና ዕቃው እዚያው ቤቱ ውስጥ፣ ከበሩ በስተግራ ተተክሏል። ያልተጨረሰ ነጠላ ድሩ እንደተወጠረ ቆሟል። ሰውየው አልጋው ላይ ተኝቶ ቀኑን ሙሉ እሱን ያያል። ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ሚስቱ አስካለ ወጌሻ ጠራች። አባባ ገብረየስ ይባላሉ፤ አጭር ሽማግሌ ናቸው። ገቡ፤ ተቀመጡ። እግሩን ግን አልነኩም።

"ራጁን ያየው ሐኪም ምን አለ?" አሉ።

"ገጥሟል ብሏል።"

"ገጥሟል ካለ ጥሩ። እሱ ሳይል እኔ አልነካውም።"

"ስንት ቀን ይፈጃል አባባ?"

"አላውቅም።"

"አላውቅም የሚል ወጌሻ ዛሬ ገና አየሁ!"

"የሚያውቅ ካገኘህ እሱን ጥራ። እኔ የማውቀውን ልንገርህ። መጀመሪያ ይብስብሃል። አሸዋለሁ፤ ያብጣል፤ ትሰድበኛለህ። ከዚያ ትንሽ ላላ ይላል፤ የዳንክ ይመስልሃል። አልዳንክም። ከዚያ ደግሞ ምንም ለውጥ የማይታይበት ጊዜ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚተወኝ እዚያ ላይ ነው። የእኔ እጅ የሚሠራው ትንሹን ነው። ትልቁን የምትሠራው አንተ ነህ፤ እኔ ከወጣሁ በኋላ።"

"እንደ ድሮው ይሆንልኛል?"

"እንደ ድሮው አልልህም። ሽመናህ ላይ ልትመለስ ትችላለህ እልሃለሁ። ትችላለህ ነው ያልኩት።"

ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ። ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሃል? ምን ትበላለህ? ከማን ጋር ትበላለህ? የምትወስደው መድኃኒት አለ?

"የደም ግፊት ክኒን ነበረኝ። ከእርስዎ ሕክምና ጋር እንዳይጋጭ ብዬ ተውኩት።"

ሽማግሌው ተቆጡ። "ማን ተው አለህ? እኔ የማሸው ጉልበት ነው። ደምህን የሚያየው ሐኪም ነው። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂና ስለ ክኒኑ ጠይቂለት አስካለ። እሱን ሳትጠይቂ እኔን እንዳትጠሪኝ።" ከዚያ ወደ ግድግዳው አዩ። "ያንን መስኮት ደግሞ ማን ዘጋው?"

"ያመመኝ እግሬ ነው አባባ፣ መስኮቴ አይደለም!"

"እግርህ ብቻውን አልተኛም። አንተም አብረኸው ተኝተሃል። እኔ የምፈልገው ሁለታችሁንም ነው።" ተነሥተው መስኮቱን ከፈቱት።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ከመካከላችሁ ወደ ወጌሻ የምትሄዱ አላችሁ። ወደ ፍል ውኃ የምትወርዱ፣ ሥርና ቅጠል የሚያውቅ ሰው ዘንድ የምትመላለሱ አላችሁ። አትሂዱ አልልም። ምን ጠብቃችሁ እንደምትሄዱ ግን እጠይቃችኋለሁ። በዚህ ቀን ትድናለህ የሚላችሁን ጠብቃችሁ ነው? እሱን ሽሹት። የሐኪምህን መድኃኒት ጣል የሚላችሁን ነው? እሱንም ሽሹት። ተኝታችሁ ሳለ ሌላ ሰው እንዲያድናችሁ ነው? እንዲህ ያለ ሕክምና የለም። ነፍስም በዚህ መንገድ አትድንም። ወደ ሸማኔው ልመለስ።

አስካለ ጤና ጣቢያ ሄዳ ጠየቀች፤ ሰውየው ክኒኑን መልሶ ጀመረ። ማሸቱም ተጀመረ። በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ፣ ቅቤ፣ ከዚያ የሽማግሌው አውራ ጣት። ሰውየው ጮኸ።

"አስካለ! ይህን ሰውዬ ከየት ነው ያመጣሽው?"

"ስደበኝ" አሉ አባባ ገብረየስ። "ጉልበትህን ግን አትገትርብኝ።"

አበጠ። እንዳሉት ሆነ። ከዚያም እንዳሉት ላላ። ጉልበቱ መታጠፍ ጀመረ፤ በትንሹ፤ ግን ጀመረ። ሰውየው ከዘራ ይዞ ከአልጋው እስከ ሽመና ዕቃው ሄደ። የተወጠረውን ድር በጣቱ ነካው። አስካለ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንባዋን ጠረገች።

"አሁን ወደ ውጭ" አሉ ሽማግሌው። "ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሂድ። ገበያ ውጣ። ጉልበት በክፍል ውስጥ አይፈታም።"

"እሺ አባባ" አለ።

አልወጣም።

ለምን አልወጣም? አመመው? አይደለም። ሰነፈ? አይደለም። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ ታውቁታላችሁም።

በእኛ አገር ማንም ብቻውን አይታመምም። ጎረቤት ይመጣል፣ የዕድር ሰው ይመጣል፣ የጎረቤት ዘመድ ይመጣል። ባዶ እጁን የሚመጣ የለም። ብርቱካን፣ ዳቦ፣ ወተት። ተቀምጦ ያዝናል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል። መልካም ነው፤ የታዘዝነውም ነው።

የዚህ ሰው የግቢ በር ኳ ሲል ግን ምን ይሆናል? ሰውየው ከዘራውን ይጥላል። ከዘራ የሚያስፈልገው ሰው ያለ ከዘራ ወደ አልጋው ይሮጣል። አዎ፣ ይሮጣል! እግሩን ትራስ ላይ ይሰቅላል። ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ይስባል። "እህ… እህ…" ይላል።

"ይማርህ የኔ ልጅ፤ ዛሬስ እንዴት ዋልክ?" ይላሉ ጎረቤቱ እትዬ የሺመቤት።

"ያው ነው እትዬ። እንጃ።"

"ታዲያ እንዳታንቀሳቅሰው! የአጎቴ ልጅ ቶሎ ተነሥቶ አይደል ሽባ ሆኖ የቀረው?"

"ወጌሻው ተራመድ ይሉኛል።"

"እሳቸው ምን አለባቸው? የሚሰበረው ያንተ!"

ጋሽ አርጋው የሚባሉ ጡረተኛ ሹፌር ደግሞ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። "ምስኪን። ይህን የመሰለ ሠራተኛ! አይ ጊዜ!"

ያ ሁሉ ሰው መጥቶ ጠይቆታል። አሁን በከዘራ ሲሄድ ቢያዩት "ለዚህ ነው የተመላለስነው?" ይሉኛል ብሎ ፈራ። እያነከሰ መታየትም አፈረ። በልቡ ያሰበው ሌላ ነበር። አንድ ቀን ሙሉ በሙሉ ድኖ፣ ነጭ ለብሶ፣ ብድግ ብሎ ሊወጣ ነው። ወይ በሽተኛ፣ ወይ ጤነኛ። መካከሉን አላወቀበትም።

ታዲያ መዳን መካከሉ አይደለም እንዴ?

ጠያቂ ደግሞ አይቋረጥም። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። እሑድማ ከቅዳሴ መልስ እስከ ማታ ነው። ሰውየው ተኝቶ ይውላል። ጉልበቱ ተኝቶ ይውላል። የላላው መልሶ ያዘ።

አባባ ገብረየስ በእጃቸው ያውቁታል። "ትናንት ሠርተኸዋል?"

"ሠርቻለሁ።"

"ጉልበትህ አልሠራሁም ይላል።"

ሽማግሌው ሲወጡ ለጠያቂዎቹ ምን ይላል? "ሰውየው አቅቷቸዋል" ይላል። ጠያቂዎቹም "አቅቷቸዋል" ብለው ሌላ ወጌሻ ይነግሩታል። አያችሁ? ያልሠራው እሱ ነው፤ የተወቀሱት እሳቸው ናቸው። እኛስ ከዚህ የተሻልን ነን?

አንድ ቀን ታናሽ ወንድሙ አንጁሎ መጣ። እሱም ሸማኔ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ "ወንድምዓለም፣ እንዲያው… ዕቃው ቆሞ ምስጥ ከሚበላው እኔ ዘንድ ይተከል ይሆን? አንተ እንግዲህ…" አለና አልጨረሰውም።

ሰውየው የሽመና ዕቃውን አየ። እግሩን አየ። "ቅዳሜ ናና ውሰድ" አለ።

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ሽማግሌው ሊያሹት መጡ። ጉልበቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀስ እያሉ ሲያጥፉ የግቢው በር ኳ አለ። ሰውየው እግሩን ከእጃቸው ነጠቀ። ተነሣ። ሮጠ። ተኛ። ትራሱን አስገባ። ሽማግሌው ቅቤ የነካ እጃቸውን በአየር ላይ እንደያዙ ቀሩ።

እትዬ የሺመቤትና ጋሽ አርጋው ገቡ። ወተት ይዘዋል።

"እህ… እህ…"

"አይዞህ የኔ ልጅ። ኧረ ወጌሻው፣ ይህ ልጅ መቼ ነው የሚድነው?"

አባባ ገብረየስ፣ "ቅድም ድኖ ነበር። እናንተ ስትገቡ ታመመ" አሉ።

ጋሽ አርጋው ሳቁ። እትዬ የሺመቤት አልሳቁም፤ ቀልድ ይሁን ስድብ አልገባቸውም። ወተቱን አስቀምጠው፣ መርቀው ሄዱ።

ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

"ስትሮጥ አየሁህ።"

"ሰው ምን ይላል ብዬ ነው አባባ።"

"ሰው! ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ የምትረግጥልህ እትዬ የሺመቤት ናት? መወርወሪያውን አርጋው ነው የሚያቀብልልህ? እኔ እዚህ ቤት ማንን ነው የማሸው? የሚሮጠውን ነው ወይስ የሚያቃስተውን? ለሁለቱ እጅ የለኝም።"

ሽማግሌው ጨርቁን አጥፈው ተነሡ።

"ከዛሬ ጀምሮ እኔ አልመጣም። አንተ ትመጣለህ።"

"ቤትዎ ዳገቱ ላይ አይደለም እንዴ! በዚህ እግሬ?"

"በሮጥክበት እግር። በጓሮ በኩልም እንዳትመጣ። በዋናው መንገድ፣ በቀን።" ወጡ።

ሰውየው ተቆጣ። ዓርብ አልሄደም። "ጣሉኝ፤ አይደል?" አለ ለጠየቀው ሁሉ። የጠየቀው ሁሉም አዘነለት።

ቅዳሜ ጠዋት አንጁሎ ገመድ ይዞ መጣ። የሽመና ዕቃውን አንዱን እንጨት ፈታ። ሁለተኛውን ፈታ። ከዚያ ቆመ። ያልተጨረሰው ነጠላ ድሩ ተወጥሮ መንገድ ዘጋበት።

"ይህን ልቁረጠው?" አለ።

የመለሰችው አስካለ ናት። እስከዚያ ቀን ክፉ ቃል አልተናገረችም።

"ቁረጠው አንጁሎ። እዚህ ቤት ለጠያቂ የሚተኛ ሰው እንጂ ሸማኔ የለም።"

አንጁሎ መቀሱን አነሣ።

"ቆይ!" አለ ሰውየው። ከአልጋው ወረደ። ከዘራውን ፈለገ። "እስክመለስ እንዳትነካው።"

ወጣ። ፀሐይ ዓይኑን መታው። ሰፈሩ ሁሉ ውጭ ነበር። እትዬ የሺመቤት ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ጋሽ አርጋው አጥሩን ተደግፈዋል። ሰውየው እያነከሰ መጣ።

"ምነው! ምነው! ይሄ ሰውዬ ትናንት ሲያቃስት አልነበር?" አሉ እትዬ የሺመቤት።

"ወተታችንን ጠጥቶ ጠጥቶ ተነሣ!" አሉ ጋሽ አርጋው። በዙሪያው ያለ ሁሉ ሳቀ።

የፈራው ሳቅ ይኸው መጣ። በዚያች ሰዓት ማምለጫ ነበረው። "እህ" ብሎ መሬት ላይ ቢቀመጥ ተሸክመው ያስገቡት ነበር። ያውቃል። እነሱም ያውቃሉ። ሰውየው ከዘራውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

"እትዬ፣ ትናንት ያቃሰትኩት ውሸቴን ነው። ዛሬ የማነክሰው ግን እውነቴን ነው። አልዳንኩም። መተኛት ግን ይበቃኛል።"

ሳቁ ቆመ። እትዬ የሺመቤት የምስሩን ሰፌድ ከጭናቸው አወረዱ። "ወተቱንስ እንኳን ጠጣኸው" አሉ። "በል ቀስ ብለህ ሂድ። እዚያ ማዶ ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ በግራ በኩል ያዝ።"

ዳገቱን ወጣ። ስንት ቦታ ቆሞ እንዳረፈ እሱ ነው የሚያውቀው። ሲደርስ ላቡ ሸሚዙን አርሶት ነበር። እልልታ ጠብቆ ይሆናል። አባባ ገብረየስ ከወንበራቸው እንኳ አልተነሡም።

"ዘግይተሃል" አሉ። "ተቀመጥ። አሳየኝ።"

አንጁሎ ድሩን አልቆረጠውም። የፈታውን እንጨት መልሶ አሰረ። ሸማኔው ያንን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ከረመ። ምንም ለውጥ የማይታይበት ጊዜም መጣ፤ ሽማግሌው አስቀድመው ነግረውት ነበርና አልተዋቸውም። ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ዛሬም አልተመለሰም። የጉድጓዱን ቀኝ አፋፍ በዶማ ቆርጦ አሰፋው፤ እግሩን ትንሽ ዘንበል አድርጎ ይገባል። ከድሮው ይዘገያል። ግን ይሠራል። ነጠላውን ጨረሰው።

ሽማግሌው "ድነሃል" ብለውት አያውቁም። አንድ ቀን ብቻ፣ "ነገ አትምጣ። ሥራ ይበዛብሃል" አሉት። በዚሁ አበቃ።

ወገኖቼ፣ ይህን የነገርኳችሁ ስለ ጉልበት ብቻ ብዬ አይደለም።

ከመካከላችሁ በወንድሙ የተጎዳ አለ። ጉዳቱን ለሰው ሁሉ ነግሯል፤ ሰው ሁሉ አዝኖለታል። አሁን ቁጣው በርዷል። ወንድሙን በመንገድ ሲያየው ልቡ ሰላም በለው ይለዋል። አይለውም። ለምን? ያዘኑለት ሰዎች ምን ይሉኛል ብሎ ነው። እናም ሰው ሲመጣ የበረደውን ቁጣ እንደገና ያነድዳል።

ባሏ የሞተባት አለች። ሳቋ ሊመለስ ይፈልጋል። ከልጆቿ ጋር ስትሆን ያመልጣታል። ጎረቤት ሲገባ ትውጠዋለች። ጥቁሩን ማውለቅ ትፈልጋለች፤ ቶሎ ረሳችው እንዳይሏት ትፈራለች። ማን ነው እንዲህ ያስፈራት? እኛ አይደለንም?

መጠጥ ሊተው የጀመረ አለ። አንድ ሳምንት ይዘልቃል፣ አንድ ቀን ይወድቃል። ስለ ወደቀ ንስሐ አባቱ ዘንድ መሄድ ያፍራል። ፈጽሜ ስተወው እሄዳለሁ ይላል። አንተ ሰው፣ ፈጽመህ ከተውከውማ ለምን ትሄዳለህ?

ወደ እግዚአብሔር ስትመጡ ምን ጠብቃችሁ ነው የምትመጡት? ዛሬ ተጸልዮላችሁ ነገ ምንም እንዳልነበረ ልትሆኑ? እሱ ይችላል፤ ያደርግማል። ብዙ ጊዜ ግን ዳገት ያሳያችኋል። መጀመሪያ ይብሳል። የሸሸጋችሁት ሲነካ ያማል። የዘጋችሁት መስኮት ይከፈታል፤ ይህ ከእኔ ችግር ጋር ምን አገናኘው ትላላችሁ። ከዚያ ምንም የማይታይበት ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜ፣ አቅቶታል አትበሉ። መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ትናንት ሠርቻለሁ?

እናንተ ጠያቂዎችም ስሙ። መጠየቃችሁን አትተዉ። ግን የምታዝኑለት ሰው ሲነሣ ደስ ይበላችሁ። እያነከሰ ሲወጣ አትሳቁበት። የሚያንሸራትተውን ድንጋይ አሳዩት።

አሁን ቅዳሴው አልቋል፤ ትወጣላችሁ። በር ላይ አንድ ሰው እጁን ዘርግቶ "እንደምን ሰነበትክ?" ይላችኋል። "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ማለት ለምዳችኋል። ወይም ማልቀስ ለምዳችኋል። ዛሬ ሁለቱንም ተዉና እውነቱን ንገሩት። ሲነግራችሁም ቆማችሁ ስሙት፤ ምሳው ይቆያል።